«ፍሪሲዮን አልቋል»፦ ማን ፈተነው?

በዚህ ከተማ ሳይፈተን የሚፈረድበት ዕቃ ማነው ብትሉኝ፣ ፍሪሲዮን እላችኋለሁ። መኪናችሁ ነዳጅ ስትሰጡት ጮኸ ግን አልሄደም? ፍሪሲዮን አልቋል። ማርሽ አልገባ አለ? ፍሪሲዮን አልቋል። ዳገት ላይ ደከመ? ፍሪሲዮን አልቋል። የሆነ ነገር ሸተተ? እሱማ ምን ጥያቄ አለው! መካኒኩ በሩን ይከፍታል፣ አንድ እግሩን ብቻ ያስገባል፣ ፔዳሉን ሁለቴ ጫን ጫን ያደርጋል፣ ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፍርዱን ይሰጣል። ይግባኝ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ በሙሉ ስለ ዋጋ ነው። ካምቢዮ ማውረጃው ስንት? ዕቃው ስንት? «ኦርጅናሉን ነው የምትፈልጉት ወይስ የቻይናውን?» ባለመኪናውም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል፤ ምክንያቱም «እንዴት አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ፋራ ያስብላል።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ መፍቻ ይዤ መኪና ሥር አልገባም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ጆሮዬ እስኪደነቁር የተነገረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ስለተናገረው ብቻ ነገሩ እውነት እንደማይሆን ነው። «አልቋል» ዜና ነው። ዜና ደግሞ ይጣራል። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ንዴት የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ የፍሪሲዮን መንሸራተት መኪና ላይ ካሉ በሽታዎች መካከል ለማጣራት በጣም ከሚቀሉት አንዱ ነው። ኮምፒውተር አይፈልግም። መፍቻ እንኳ አይፈልግም። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ሁለት መቁጠሪያዎች፣ ደረቅ አስፋልትና አምስት ደቂቃ ይበቁታል። ታዲያ ለምንድነው አምስት ደቂቃ ያልተሰጠው ነገር ሁለት ቀን ተኩል ካምቢዮ የሚያስወርደው?

እንግዲህ ስለ ማን መኪና እንደማወራ ልንገራችሁ። መኪናዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። ለማታውቋት፦ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሞተሯ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማዎቿን የሚያዞር ትንሽዬ የስፖርት መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው። በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠች ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ብሎ ጊነስ መዝግቧታል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ሚያታ» ይሏታል። የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ጠቅልላ ስትመለስ ይዛት የገባችው የመጀመሪያዋን ትውልድ፣ ባለ 1.6 ሊትሯን፣ ባለ አምስት ማርሿን ነው። («ሀብታም ናቸው ማለት ነው» ብላችሁ ገጹን ልትዘጉ ላሰባችሁ፦ እዚያ ስትገዛት ዋጋዋ የአንድ ደህና ቪትዝን ግማሽ አይሞላም ነበር። ተመለሱ።)

ይህች መኪና አንድ ቀን ከቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጣ መጮህ ጀመረች። ድምፅ አለ፣ ጉዞ የለም። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ በአንድ እይታ ፈረደ፣ ካምቢዮ አወረደ፣ ዲስክ ቀየረ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ሆነች። ተያይዘን ስንመለስ የተሰጠን መልስ ምን መሰላችሁ? «አነዳድሽ ነው» አላት። ያ አልበቃ ብሎት ፈገግ አለና «ሴት ስትነዳው ፍሪሲዮን አይበረክትም» ብሎ ጨመረልን።

እሺ። ወደዚህ ሰውዬ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ዕቃው እንነጋገር፤ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነቱ ንግግር የሚያዋጣው የሚሰማው ሰው ዕቃውን ሳያውቀው ሲቀር ብቻ ነው።

ከሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ሰሃን አለ፤ ሞተሩ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ካምቢዮው ደግሞ የራሱ ዘንግ አለው። በሁለቱ መካከል ፊትና ጀርባው ሸራ የለበሰ ስስ ዲስክ ገብቷል። እግራችሁ ከፔዳሉ ላይ ሲነሳ፣ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ሌላ ሰሃን ዲስኩን ቮላኖው ላይ ጥፍንግ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሁሉም እንደ አንድ ብረት ይዞራሉ። ስትረግጡት ደግሞ ይላቀቃል፣ እናንተም ማርሽ ትቀይራላችሁ። ይኼው ነው። መንሸራተት የሚባለው እግራችሁን ካነሳችሁ በኋላ መያዣው በደንብ አልይዝ ሲል ነው። ሞተሩ ይሮጣል፣ ዲስኩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በመካከል የጠፋው ጉልበት ሙቀት ይሆንና ሸራውን ይጠብሰዋል። ሽታውም ከዚህ ነው የሚመጣው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከፔዳሉ ተነስቶ እያለ የሞተሩ ዙርና የመኪናው ፍጥነት የተጋቡ ናቸው። አንዱ ብቻውን የትም መሄድ አይችልም። በዚህች ኤምኤክስ-5 ላይ አራተኛ ማርሽ ያለ ማባዣና ማካፈያ ቀጥታ የሚያስተላልፍ ስለሆነ ስሌቱ ለጭንቅላት ይመቻል፤ በደቂቃ 1,000 ዙር ማለት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ50 ስትሄዱ 2,000፣ በ75 ስትሄዱ 3,000። አምስተኛ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ 1,000 ዙር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣችኋል። ይህ የሹፌር ችሎታ ወይም የነዳጅ ጥራት ጉዳይ አይደለም። የማርሽ ጥርስ ቁጥር ነው፤ ጥርስ ደግሞ ማን እንደሚነዳው አይቶ አይለወጥም። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ከቀረ፣ በመካከል የሚንሸራተት ነገር አለ ማለት ነው። «ጎማው ቢሽከረከርስ?» የሚል ነቄ አንባቢ አይጠፋም። የዚህች መኪና ፍጥነት መቁጠሪያ የሚያነበው ከካምቢዮው መውጫ ስለሆነ፣ ጎማው ቢሽከረከር ሁለቱም መርፌዎች አብረው ነው የሚዘሉት። ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ግን አንዱ ብቻ።

ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ያልሞቀ ፍሪሲዮን ጨዋ ይመስላል። መኪና የማይበዛበት፣ ደረቅ፣ ቢቻል ትንሽ ዳገት ያለው አስፋልት ፈልጉ (ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ላይ አይሞከርም፣ በፈጠራችሁ)። አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ በ50 ሂዱ፤ ዙሩ 2,000 አካባቢ ይሆናል። አጠገባችሁ መቁጠሪያዎቹን የሚያነብ ሰው ይኑር፤ እናንተ መንገዱን እዩ። ከዚያ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ርገጡት። ጤነኛ ከሆነች 70 ስትደርስ ዙሩ 2,800 ገደማ ነው፤ ቀስ ብላ ብትደርስም ችግር የለውም፣ ብቻ ሁለቱ አብረው ይሂዱ። መርፌው 3,500 ላይ ዘሎ ፍጥነቱ ገና 55 ከሆነ ጨርሳችኋል፣ ይንሸራተታል። ወዲያው እግራችሁን አንሱ። «እስቲ አንዴ ልድገመው» አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ድግግሞሽ የቀረውን ሸራ ነው የሚያቃጥለው።

የእናንተ መኪና ሌላ ከሆነስ? ቁጥሩ ይለያያል፣ ሕጉ ግን ያው ነው። መኪናችሁ ጤነኛ ሆና ሳለ አራተኛ ላይ በ50 ስትሄዱ ዙሩ ስንት እንደሆነ አንድ ቀን አንብቡና ሊብሬው ውስጥ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ማንም ተነስቶ ሊፈርድባችሁ አይችልም። (አውቶማቲክ የያዛችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ እለፉት። የአንዳንድ አውቶማቲኮች ዙር ቀድሞ ዘሎ ፍጥነቱ በኋላ መድረሱ ተፈጥሯቸው ነው።)

አንዳንድ ጋራዥ ሌላ ፈተና አለው። መኪናዋ በቆመችበት የእጅ ፍሬን ይይዛል፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ ያስገባል፣ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን ይለቃል። ሞተሩ ከጠፋ «ደህና ነው»፣ ካልጠፋ «አልቋል»። ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ይህ ፈተና የሚይዘው ፈጽሞ የሞተውን ነው፤ በመንገድ ላይ፣ ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮን ይህን ፈተና በሰላም አልፎ ይወጣል። የእጅ ፍሬኑ የላላ ከሆነ ደግሞ መኪናዋ ወደ ፊት ትፈናጠራለች፣ ረዳቱ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቆመው ከፊት ለፊቷ ነው!

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ፤ እዚህ ከተማ ላይ ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ ነገር አለና። የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፋብሪካው ለዚህች ባለ 1.6 ሊትር ሞተር የጻፈላት 136 ኒውተን ሜትር በ5,500 ዙር የሚል ነው፤ እንጦጦ ሥር ስትደርስ ያን ሁሉ ይዛ አትደርስም። ከዱባይ፣ ከባሕር አጠገብ የመጣ ሰው መኪናው አዲስ አበባ ሲገባ «ደከመችብኝ» ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን መድከምና መንሸራተት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የደከመች መኪና ዙሯም ፍጥነቷም አብረው ቀስ ይላሉ። የምትንሸራተት መኪና ዙሯ ይፈጥናል፣ ፍጥነቷ ይቀራል። የከፍታን ድካም እንደ ፍሪሲዮን ሕመም ቆጥሮ ካምቢዮ ማስወረድ ማለት፣ ዳገት ሲወጣ ያለከለከን ሰው ልቡን ቀዶ እንደማየት ነው።

የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሞተሩ ጉልበት እዚህ ስለሚቀንስ፣ ማለቅ የጀመረ ፍሪሲዮን አዲስ አበባ ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ድሬዳዋ ትወርዳላችሁ፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርሱ ሞተሩ የጠፋበትን ትንፋሽ ያገኛል፣ ጉልበቱ ይመለሳል፣ ፍሪሲዮኑ ግን ያን የመሸከም አቅም የለውም። መንሸራተት ይጀምራል። «ሙቀቱ ነው ያበላሸው» ይባላል። ሙቀቱ ምን አደረገ? ድሮ የነበረ ሕመም ነው የታየው።

ከመንሸራተት ጋር የሚምታታ ሌላም አለ። የፍሬን ሸራ ጎማውን ሳይለቅ ሲቀር ያቃጥላል፣ ይሸታል፣ መኪናዋንም ያከብዳታል። ይህን ለመለየት ጥቂት ነድቶ መቆምና እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት ነው (ማስጠጋት አልኩ እንጂ መንካት አላልኩም)። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደ ምጣድ ካቃጠለ፣ ካምቢዮውን ተዉት።

አሁን ወደ ትልቁ ማጭበርበር ልምጣ። ማጭበርበር ስል ሁሉም ሆን ብሎ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዱ ከቋንቋው የመጣ ነው። «ፍሪሲዮን አልቋል» የምንለው ለሁለት ተቃራኒ በሽታዎች ነው። አንደኛው እስካሁን ያወራነው ነው፣ አልይዝ ማለት። ሁለተኛው አልለቅ ማለት ነው። ፔዳሉን ረግጣችሁ ማርሽ ሲንጫጫ፣ የኋላ ማርሽ አልገባ ሲል፣ ፔዳሉ ራሱ ለስልሶ ወለሉ ላይ ሲቀር፣ ዲስኩ አላለቀም፤ የሚያላቅቀው መሣሪያ ነው የታመመው። በኤምኤክስ-5 ላይ ይህ መሣሪያ በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠራ ሲሆን ሁለት ፓምፖች አሉት፣ የላይኛው ከፔዳሉ ጋር፣ የታችኛው ካምቢዮው ጎን ላይ። ይህች መኪና ደግሞ የታችኛው ፓምፕ በማፍሰስ በዓለም ሁሉ የታወቀች ናት። የተያዘው በሁለት ቡሎን ነው፣ ከውጭ ነው ያለው፣ ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልገውም። የጎማ ሽፋኑን ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ዘይት መኖሩን ማየት ብቻ ነው። አልያዝ ያለ መኪና ውስጥ እግሩ የተሰበረ ሰው አለ እንበል፣ አልለቅ ያለው ውስጥ ደግሞ እጁ የተሰበረ። ለሁለቱም «ተሰብሯል» ብሎ እግራቸውን በጀሶ የሚጠቀልል ሐኪም ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ? እኛ ግን «ፍሪሲዮን አልቋል» ሲሉን ለሁለቱም አንድ ሒሳብ እንከፍላለን።

እሺ፣ ፈተናው ተደረገ፣ መንሸራተቱ ተረጋገጠ እንበል። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውና የባሰው ስንፍና የሚመጣው። ለምን ተንሸራተተ? ሸራው በዕድሜ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ እሺ። ግን ሌላም ምክንያት አለ። ፔዳሉ ሲነካ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው፣ ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ ከልክ በላይ ጠብቆ ሁልጊዜ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ያህል ፍሪሲዮኑን በከፊል እያላቀቀው ነው ማለት ነው። አዲስ ዲስክ ብትጨምሩበትም ይንሸራተታል። መድኃኒቱ አንድ ዳዶ ፈታ ማድረግ ነው! ወይም ግፊቱ ተመልሶ መውጫ አጥቶ ፓምፑ ውስጥ ታስሯል። እየተንሸራተተች ሳለ ቆማችሁ የታችኛው ፓምፕ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ ከፈት ብታደርጉና መኪናዋ ወዲያው መያዝ ብትጀምር፣ ዲስኩ ንጹህ ነው፣ ጥፋቱ የፓምፕ ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ ካምቢዮው ንክች አይደረግም።

ከዚያ ደግሞ ዘይት አለ። ሞተሩ ከቮላኖው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዝ የጎማ ቀለበት፣ ፓራኦሊዮ የሚሉት፣ አለ። ካምቢዮውም በራሱ በኩል እንዲሁ አለው። አንዱ ሲያረጅ ዘይት ዲስኩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ምንም ያህል ውፍረት ቢቀረው አይዝም። ምልክቱም አለ። መኪናዋ ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ሞተርና ካምቢዮ በሚገናኙበት ሥር እርጥበት ይታያል። የየትኛው ዘይት እንደሆነ አፍንጫ ይለየዋል፤ የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ የሚል የራሱ ኃይለኛ ሽታ አለው፣ የሞተር ዘይት ግን የለውም።

የአጎቴ ልጅ መኪና ላይ የሆነው ይኼ ነበር። ሁለተኛው መካኒክ (እሱንም አልጠራውም፤ ለማስታወቂያ እንዳይመስል) መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቁልፉን ተቀብሎ ከእሷ ጋር መንዳት ነበር። እሱ አነበበ፣ እሷ ነዳች። ሲመለሱ ቁጥሮቹን የደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፋቸው። ከዚያ ክሪክ አድርጎ ሥሯ ገባና ጣቱን አሽትቶ ወጣ። የሞተር ዘይት። ካምቢዮው ሲወርድ ያ የሁለት ወር ዕድሜ ያለው አዲስ ዲስክ ውፍረቱ ገና ነበር፣ ነገር ግን እንደ ወጥ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። የመጀመሪያው ጋራዥ ካምቢዮውን አውርዶ፣ ዲስክ ቀይሮ፣ ከፊቱ የሚያፈሰውን ፓራኦሊዮ እያየ ዘጋው። በዕቃው ዋጋ ስታዩት ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነበር። ይህችን መኪና ካምቢዮ ለማውረድ ማርሚታውን፣ ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግና ካምቢዮውን ከዲፈረንሺያሉ ጋር የሚያያይዘውን ረጅም ብረት ማውለቅ ግድ ነው። ያን ሁሉ አውልቆ የጎማ ቀለበት ሳይቀይሩ መመለስ! ከዚያ ደግሞ «አነዳድሽ ነው»!

አሁን ወደ ሰውዬው። «ሴት ስትነዳው አይበረክትም» የሚለው ንግግር ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር። ግን ሥራ አለው። የሥራው ስህተት ሒሳብ ወደ ባለመኪናዋ የሚተላለፍበት ቧንቧ ነው። ፍሪሲዮን የሚያቃጥለው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን ይዞ መቆም፣ እግርን ፔዳሉ ላይ እያሳረፉ መንዳት፣ ዙር ከፍ አድርጎ በድንገት መልቀቅ፣ ከአቅም በላይ መጫን። ከእነዚህ ውስጥ በጾታ የሚሠራው የቱ ነው? እንዲያውም ማምሻውን ቦሌ መንገድ ላይ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ዙሩን 5,000 ላይ ሰቅሎ ጭስ የሚያስነሳው ማነው? እኔ እስካሁን እህቶቼን እዚያ ላይ አላየሁም። ሙድ ለመያዝ የተቃጠለ ፍሪሲዮን «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባልለታል፤ ፓራኦሊዮ ያበላሸው ፍሪሲዮን ደግሞ «ሴት ነች» ይባልለታል።

አነዳድ ከሆነስ፣ እሱም ማስረጃ አለው። በመንሸራተት የጋለ ቮላኖ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ሸራው ይጠነክርና እንደ መስታወት ይሆናል። አውርዳችሁ አሳዩኝ። ቮላኖው ሰማያዊ ከሆነ እቀበላለሁ፣ ቶርኖ ቤት ወስደን እናስልጠዋለን፣ ሹፌሯም ትመከራለች። ዲስኩ ዘይት ለብሶ እያለ ስለ ሹፌሯ ጾታ ማውራት ግን ምርመራ አይባልም።

«ሠላሳ ዓመት የሠራ መካኒክ በጆሮው ያውቃል» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ያውቃል። እኔም በጆሯቸው ካምቢዮ ውስጥ የትኛው ኩሽኔታ እንደሚጮህ የሚለዩ ሽማግሌ መካኒኮችን አይቻለሁ፤ እጃቸውን መሳም ነው የሚገባው። ግን በጆሮው ያወቀ ሰው አምስት ደቂቃ ነድቶ ቢያሳየኝ ምን ይጎድልበታል? ትክክል ከሆነ ይበልጥ ይከበራል። የሚፈራው የተሳሳተ ሰው ነው። ደግሞስ ያ የሽማግሌው ጆሮ በሠላሳ ዓመት የተሠራ ነው፤ ሥር ሥሩ የሚሄደው የሃያ ዓመት ረዳት ጆሮው ሳይሠራ ፍርዱን ብቻ ነው የወረሰው።

አሁን ግን በእኛም ላይ ልናገር፤ ጥፋቱ የጋራዡ ብቻ አይደለም። እኛ ለማወቅ አንከፍልም። ሐኪም ቤት ስንሄድ ካርድ እናወጣለን፣ ላብራቶሪ እንከፍላለን፣ «ምንም የለብህም» ተብለን ስንወጣ እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ነው። ጋራዥ ስንሄድ ግን ምርመራው ነፃ እንዲሆን እንጠብቃለን። መካኒኩ አንድ ሰዓት ፈትኖ «ፍሪሲዮንሽ ደህና ነው፣ ፔዳሉን ነው ያስተካከልኩት» ቢላት፣ ስንቶቻችን ነን የአንድ ሰዓት ሥራ የምንከፍለው? «ምን ሠራህ?» ነው የምንለው። ከዚያ «አልቋል» ሲለን ሳናቅማማ የካምቢዮ ማውረጃ እንከፍላለን። ሰውዬው እንጀራውን የሚያገኘው ከማውረድ ከሆነ ያወርዳል። ለመፍታት እየከፈልን ለማወቅ ካልከፈልን፣ የምናገኘው የተፈታ መኪና ነው።

ስለዚህ የምለው ይኼ ነው፦ ክፈሉ። ለፍተሻው ለብቻው ተስማሙ፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ አብራችሁ መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ሦስት ነገር ይነገራችሁ፤ በስንት ፍጥነት ስንት ዙር እንደተነበበ፣ ፔዳሉና ፓምፖቹ እንደታዩ፣ ዘይት እንዳለና እንደሌለ። ከወረደ በኋላ ደግሞ አሮጌው ዲስክ በእጃችሁ ይሰጣችሁ። «ጥለነዋል» የሚላችሁ ካለ፣ ነገ ሶማሌ ተራ ታገኙት ይሆናል። ካምቢዮ አንዴ ከወረደ ዲስኩ፣ የሚጫነው ሰሃንና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፣ ፓራኦሊዮውም ይታይ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላልና።

«አሁን ይህ ሁሉ ለአንዲት የስፖርት መኪና?» ትሉ ይሆናል። መኪናዋ ምሳሌ ናት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው ምን እንደሆነ ዕቃ ለመግዛት የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ማንዋል መኪና ያለው ሰው፣ ቪትዝም ይሁን አሮጌ ኮሮላ፣ ሚኒባስም ይሁን ኤምኤክስ-5፣ ያለችውን መኪና ነው ይዞ የሚቆየው። ባለሚኒባሱ ካምቢዮው ሲወርድ ሁለት ቀን ተኩል ሥራ ያቆማል፣ ረዳቱም አብሮት ያቆማል። እሱ ደግሞ ከእኛ ይልቅ «ፈትነህ አሳየኝ» ለማለት ጊዜ የለውም፣ ተሳፋሪ እየጠበቀው ነው። ያለ ምክንያት ለወረደ ካምቢዮ ከአጎቴ ልጅ ይልቅ እሱ ነው የሚከፍለው።

ደረሰኙ ላይ «ፍተሻ» የሚል ለብቻው የተጻፈ መስመር ያለው፣ ለፍተሻውም በግልጽ የሚያስከፍል ጋራዥ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እስካሁን የሰማሁት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው የጻፈው።